ቁጥሩ ሲሞላ ሥራው ሲጎድል፦ በጤና ተቋማት የሠራተኛ አፈጻጸም ምዘና ሥርዓት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሥራ አፈጻጸም ምዘና በማንኛውም መሥሪያ ቤት ውስጥ አስፈላጊ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ይልቁንም የሰው ሕይወት በአደራ በሚያዝበት በሕክምና ሙያ፣ ሥራው በአግባቡ መሠራቱን ሳያረጋግጡ ማለፍ በሕመምተኛው ላይ በደል መፈጸም ነው። የሚያከራክረው ምዘናው በምን መለኪያ፣ በማን፣ ለምን ዓላማስ ይካሄዳል የሚለው ጥያቄ ነው። በበርካታ የጤና ተቋማት የሚታየው አሠራር ግን ይህን ጥያቄ ሳይመልስ በቀጥታ ወደ ቅጹ ያመራል። የበጀት ዓመቱ አጋማሽ ወይም ማብቂያ ሲቃረብ ቅጽ ይታደላል፤ ነጥብ ይሞላል፤ ተመዛኙ ይፈርማል፤ ቅጹም በግል ማኅደር ውስጥ ይታሰራል። በማግስቱ የሚሠራው ሥራ በዋዜማው ከተሠራው የሚለይበት አንዳችም ምክንያት አይኖርም።

በዚህ አሠራር ላይ ዘወትር የሚሰማው ትችት መዛኞች ያዳላሉ፣ ተመዛኞችም ምዘናን ይፈራሉ የሚል ነው። ትችቱ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ጉድለቱን ሁሉ በሰዎች ጠባይ ላይ ስለሚያሳርፍ በቂ አይደለም። መዛኞቹ ፍጹም ሐቀኞች ቢሆኑ እንኳ ሥርዓቱ የተነደፈው በስሕተት ከሆነ ውጤቱም የተሳሳተ ይሆናል። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ትኩረቱን ከመዛኙ ወደ ንድፉ በማዞር፣ በጤናው ዘርፍ በተደጋጋሚ የታዩ አራት የአነዳደፍ ጉድለቶችን ከልዩ ልዩ አገሮች ተሞክሮ ጋር ያገናዝባል፤ በመጨረሻም የተሻለው ሥርዓት ምን መምሰል እንዳለበት ያመለክታል።

የሐሳቡ አመጣጥ

ሠራተኛን በግብ የመምራት አስተሳሰብ በሰፊው የታወቀው ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ሥራ አመራር ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የድራከር ሐሳብ ዋና ፍሬ ነገር ሠራተኛው ግቡን አውቆ ራሱን በራሱ እንዲቆጣጠር ማስቻል ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ዳግላስ ማክግሬጎር በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ በጊዜው የተለመደውን የምዘና ልማድ ተቸ። አለቃው በበታቹ ሰብእና ላይ ፍርድ እንዲሰጥ መገደዱ ለሁለቱም ወገን የማይመች መሆኑን በማሳየት፣ ሠራተኛው የራሱን ግብ አውጥቶ አለቃው ረዳቱ ቢሆን የተሻለ እንደሚሆን አስገነዘበ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን የባላንስድ ስኮር ካርድን ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱ ጸሐፊዎች ያሳሰባቸው ድርጅቶች ራሳቸውን በገንዘብ ውጤት ብቻ መለካታቸው ነበር፤ ስለዚህም የተገልጋይን፣ የውስጥ አሠራርንና የመማማርና ዕድገትን ዕይታ ከገንዘቡ ዕይታ ጋር አጣመሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መሣሪያው በመነሻው የተሠራው ድርጅቱ አጠቃላይ ሁኔታውን እንዲያይበት እንጂ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ነጥብ ለመስጠት አለመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያም የሲቪል ሰርቪሱ ማሻሻያ አካል ሆኖ በመጀመሪያ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ቀጥሎም ባላንስድ ስኮር ካርድ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የጤና ተቋማትን ጨምሮ፣ ሥራ ላይ ውለዋል። ግቦቹ ከላይኛው አካል ወደ ተቋም፣ ከተቋም ወደ ሥራ ሂደት፣ ከሥራ ሂደት ወደ ቡድን፣ በመጨረሻም ወደ ግለሰብ እንዲወርዱ ተደርጓል። የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 የአፈጻጸም ምዘናን ዓላማዎች ሲዘረዝር የሠራተኛውን ጠንካራና ደካማ ጎን ለይቶ ወደፊት እንዲያሻሽል ማድረግን፣ የሥልጠና ፍላጎትን ማወቅን፣ በውጤት ላይ የተመሠረተ ማበረታቻ መስጠትን፣ እንዲሁም ለአስተዳደር ውሳኔ ተጨባጭ ማስረጃ ማግኘትን በአንድ ላይ አስቀምጦ ነበር። ይህ አዋጅ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064 ተተክቷል። የአዋጁ ዝርዝር ግን ለዚህ ሂስ ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ጉድለት ከዚሁ ከዓላማዎች መደራረብ ይመነጫልና።

አንደኛው ጉድለት፦ አንድ ቅጽ ሁለት ሸክም

ምዘና ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች እንዲሰጥ ይጠበቃል። አንደኛው ማስተማር ነው፤ ሠራተኛው የጎደለውን አውቆ እንዲያሻሽል። ሁለተኛው መፍረድ ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የትምህርት ዕድል ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ቅጽና በአንድ ስብሰባ ማከናወን አንዱን ያበላሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም ማስተማሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስን እንውሰድ። ይህች ባለሙያ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስን ስትቆጣጠር እጇ እንደሚፈራ፣ የፓርቶግራፍ አሞላል ላይም እርግጠኛ እንዳልሆነች በልቧ ታውቃለች። ይህን ለመናገር ትክክለኛው ቦታ ከቅርብ ኃላፊዋ ጋር የምታደርገው የአፈጻጸም ውይይት መሆን ነበረበት። ሆኖም በዚያው ውይይት ላይ የሚሞላው ነጥብ የትምህርት ዕድሏን የሚወስን ከሆነ ድክመቷን መናገር በራሷ ላይ መመስከር ይሆንባታል። ስለሆነም ዝም ትላለች። ዝምታዋ በቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን በሌሊት ደም እየፈሰሳት የምትመጣው እናት ናት።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ ጥናት፣ በዓመታዊ ምዘና ላይ የሚሰነዘር ነቀፌታ ሠራተኛውን ወደ መከላከል እንደሚመራውና ሥራውን እንደሚጎዳ፣ ምስጋናውም ቢሆን ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ አሳይቷል። አጥኚዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ስለ ደመወዝ የሚደረግ ውይይትና ስለ ሥራ መሻሻል የሚደረግ ውይይት በተለያየ ጊዜ መካሄድ አለባቸው የሚል ነበር። ይህ ምክር ከተሰጠ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በበርካታ ተቋማት ያለው ቅጽ ግን ዛሬም አንድ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፦ የሚቆጠረውን መቁጠር

የሕክምና ሥራ ከፊሉ ይቆጠራል፣ ከፊሉ አይቆጠርም። የተከተቡ ሕፃናት፣ የተደረጉ ቀዶ ጥገናዎች፣ የታዩ ተመላላሽ ሕሙማን ይቆጠራሉ። ለሕመምተኛ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ የሌሊቱን ተረኛ በሚገባ አስረክቦ መሄድ፣ ለጀማሪ ሐኪም ጊዜ ሰጥቶ ማሳየት ግን ወደ ቅጽ ለመግባት አስቸጋሪ ናቸው። የሚቆጠረው ብቻ ነጥብ ሲሰጠው የማይቆጠረው ቀስ በቀስ ይረሳል።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታኒያ ለጠቅላላ ሐኪሞች የወጣው የክፍያ ሥርዓት 146 የጥራት አመልካቾችንና እስከ 1,050 የሚደርሱ ነጥቦችን ይዞ ተነሣ፤ ነጥቡም በቀጥታ ወደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት በአስም፣ በስኳርና በልብ ሕሙማን ላይ የተሰጠውን አገልግሎት ሲመረምር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአስምና የስኳር ሕክምና ጥራት ቀድሞ ከነበረው ፍጥነት በላይ መሻሻሉን አረጋግጧል። ዒላማዎቹ ከተደረሱ በኋላ ግን መሻሻሉ ዘገየ፤ በአስምና በልብ ሕክምና ነጥብ ያልተመደበላቸው የአገልግሎት ዘርፎች ጥራት ዝቅ አለ፤ ሕመምተኛው ዘወትር በሚያውቀው ሐኪም የመታየቱ ዕድልም ቀነሰ። ስኮትላንድ ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አስቀርታዋለች።

የሩዋንዳ ተሞክሮም ተመሳሳይ ነገር በሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በዚያ አገር በተመረጡ 166 ጤና ተቋማት ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት የታተመው ጥናት፣ በሥራ ውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያ በተጀመረባቸው ተቋማት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በ23 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሚደረገው የመከላከል ምርመራ ደግሞ በ56 በመቶ መጨመሩን አመልክቷል። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም፤ ክፍያና ምዘና ከንቱ ናቸው የሚለውንም ጭፍን አስተያየት ውድቅ ያደርጋል። ሆኖም አራት ጊዜ የእርግዝና ክትትል ባጠናቀቁ እናቶችና ክትባታቸውን በጨረሱ ሕፃናት ቁጥር ላይ መሻሻል አልታየም። ለአንድ የተቋም ወሊድ የሚከፈለው ከ4 ዶላር በላይ ሲሆን፣ ክትትሏን ላጠናቀቀች እናት የሚከፈለው ከግማሽ ዶላር በታች ነበር። ከዚህም በላይ ክትትልን ማስጨረስ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሥራ ሳይሆን እናቲቱ ደጋግማ እንድትመለስ ማድረግን የሚጠይቅ በመሆኑ በሠራተኛው ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሰው ክፍያው ወዳመዘነበትና በእጁ ወዳለው ሥራ ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። ሊጠየቅ የሚገባውም ሠራተኛው ለምን አዘነበለ ተብሎ ሳይሆን ሚዛኑን ያዘጋጀው ማን ነው ተብሎ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት፦ ተመዛኙ የራሱ ምስክር ሲሆን

ከአራቱ ጉድለቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሠራተኛው ነጥብ የሚወሰነው ሠራተኛው ራሱ መዝግቦ በሚያቀርበው ሪፖርት ነው። የተቋሙ ነጥብም ተቋሙ በሚልከው ሪፖርት ይወሰናል። ስለዚህ ከጤና ኬላ እስከ ላይኛው ቢሮ ድረስ ባለው ሰንሰለት ውስጥ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢታይ የሚጠቀም አንድም ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ላይ የደረሰው ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሕመምተኞች በ14 ቀን ውስጥ ቀጠሮ እንዲያገኙ የሚል ዒላማ ወጥቶ በኃላፊዎች ምዘና ውስጥ ገብቶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር በፊኒክስ ከተማ 226 ሕመምተኞችን በናሙና ወስዶ ሲመረምር፣ ሆስፒታሉ የመጀመሪያ ቀጠሮ በአማካይ በ24 ቀን ይሰጣል ብሎ ሪፖርት ቢያደርግም በእውነቱ የተጠበቀው 115 ቀን መሆኑን አረጋገጠ። ወደ 1,700 የሚጠጉ ሕመምተኞችም በኦፊሴላዊው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ አልነበሩም። ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የ14 ቀኑም ዒላማ ከምዘናው እንዲወጣ ተደረገ። ዒላማው የወጣው ሕመምተኛው ቶሎ እንዲታይ ታስቦ ነበር፤ ያስከተለው ግን ጥበቃው እንዳይታይ መደበቅን ነው።

በክትባት ዘርፍም ይኸው ታይቷል። ጋቪ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የክትባት ኅብረት በሪፖርት ለሚታይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የተከተበ ሕፃን 20 ዶላር ለአገሮች ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በላንሴት የታተመ ጥናት የአገሮቹን ሪፖርት ከቤት ለቤት ጥናቶች ጋር ሲያነጻጽር፣ ተጨማሪ ተከተቡ ከተባሉት ወደ 13.9 ሚሊዮን ሕፃናት መካከል በጥናት ሊረጋገጥ የቻለው 7.4 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ሦስተኛውን የፔንታቫለንት ክትባት ያገኙት 53 በመቶ መሆናቸውን አመልክቷል። በዚያው ዘመን የነበረው የአስተዳደር ሪፖርት ግን ከ90 በመቶ በላይ ያሳይ ነበር። በዚያው ጥናት መሠረት ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በጤና ተቋም የተፈጸመው ወሊድ 26 በመቶ ሲሆን፣ የ2007 ዓ.ም. የዘርፉ ሪፖርት በሠለጠነ ባለሙያ የተሰጠውን የወሊድ አገልግሎት ከ60 በመቶ በላይ አድርጎ አስቀምጦታል። ይህን ልዩነት በሙሉ በሐሰት ሪፖርት ማሳበብ ፍትሐዊ አይሆንም። የጥናቱ አኃዝ የ5 ዓመት አማካይ ሲሆን የሪፖርቱ የአንድ ዓመት ነው፤ የሪፖርቱ ማካፈያ የሆነው የሕዝብ ብዛትም ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የተተነበየ በመሆኑ ለስሕተት የተጋለጠ ነው። እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ ተቀንሰውም ግን የሚቀረው ክፍተት ሰፊ ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ከቤት ወሊድ ነጻ ቀበሌ» የሚል ዕቅድ ሲወርድላት፣ በቀበሌው በቤቷ የወለደች እናት መኖሯን መመዝገብ በራሷ ነጥብ ላይ መፍረድ እንደሚሆንባት መገመት አያዳግትም።

ሐሰተኛ ቁጥር የሚያስከትለው ጉዳት በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። ክትባቱ ተዳርሷል በተባለበት ወረዳ የመከላከያ ዘመቻ አይታቀድም፤ ኩፍኝ ሲነሣ ግን ሪፖርቱን ሳይሆን ያልተከተበውን ሕፃን ያገኘዋል። እናቶች ሁሉ በጤና ጣቢያ ይወልዳሉ በተባለበት ቀበሌ አምቡላንስ የሚጠይቅ፣ የመቆያ ቤት የሚያሠራ አይኖርም። ከዚህም በተጨማሪ ሐቀኛዋ ሠራተኛ ትቀጣለች፤ እውነተኛውን 60 በመቶ የጻፈች ባለሙያ 98 በመቶ ብላ ከሞላችው የሥራ ባልደረባዋ በታች ትመደባለች። ውሸትን ከእውነት አብልጦ የሚሸልም ሥርዓት ጥቂት ዓመታት ከቀጠለ የቀሩትንም ሐቀኞች ማሟጠጡ አይቀርም።

አራተኛው ጉድለት፦ የቡድን ሥራን ለግለሰብ ማከፋፈል

አንዲት እናት በቀዶ ጥገና በሰላም ተገላገለች ሲባል ውጤቱ የማን ነው? ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪም፣ ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ፣ መሣሪያውን ያመከነው፣ ደሙን ያዘጋጀው የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ክፍሉን ያጸዳችው፣ በሌሊት ጄኔሬተሩን ያስነሣው ሠራተኛ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የሆስፒታል ሥራ በባሕርዩ የኅብረት ሥራ ነው። ግቡን ከላይ ወደ ታች እየከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራሽ ማደል ግን በሰዎች መካከል ያለውን መያያዣ ከምዘናው ውጭ ያደርገዋል። የሕክምና ስሕተትም ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በዚሁ መያያዣ ላይ ነው፤ በተረኞች ርክክብ፣ ከክፍል ወደ ክፍል በሚደረግ ዝውውር፣ በሪፈር ወረቀት።

የግለሰብ ነጥብ ሌላም ችግር አለው። ሪኤጀንት በማለቁ ምርመራ ያላደረገ የላቦራቶሪ ባለሙያና መሥራት እየቻለ ያልሠራ ባለሙያ በቅጹ ላይ እኩል ነጥብ ያገኛሉ። የጥራት ሊቁ ኤድዋርድስ ዴሚንግ የዓመታዊ ነጥብ አሰጣጥን አጥብቆ የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በሥራ ላይ ከሚታዩት ልዩነቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአሠራሩ እንጂ ከሠራተኛው እንዳልሆነ ያስተምር ነበር።

ከመቶ ዓመት በፊት የቀረበ መልስ

የሕክምና ሙያ ይህን ጥያቄ የተጋፈጠው በቅርብ ጊዜ አይደለም። በቦስተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ኧርነስት አሞሪ ኮድማን፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከታከመ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተከታትሎ የመጨረሻ ውጤቱን በካርድ የመመዝገብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በሆስፒታሉ ዕድገት የሚሰጠው በአገልግሎት ዘመን እንጂ በውጤት አለመሆኑን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1914 ሥራውን ለቀቀ። በራሱ አነስተኛ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ከታከሙ 337 ሕሙማን መካከል 123 ስሕተቶችን መዝግቦ በራሱ ወጪ አሳትሟል።

በኮድማን ሥራ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው አመዳደቡ ነው። ስሕተቶቹን ከዕውቀትና ክህሎት ማነስ፣ ከፍርድ ጉድለት፣ ከእንክብካቤ ወይም ከመሣሪያ ጉድለት፣ ከምርመራ ችሎታ ማነስ የመጡ እያለ ለይቷቸዋል። ይህ አንድ ገጽ የማይሞላ ዝርዝር ዛሬ በብዙ ተቋማት ካለው ባለ ብዙ ገጽ ቅጽ የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ መንስኤ የተለየ መድኃኒት አለውና። ዕውቀት ሲጎድል ሥልጠና፣ መሣሪያ ሲጎድል ግዢ፣ ትጋት ሲጎድል ተግሣጽ ያስፈልጋል። ጥቅል ነጥብ ግን ሦስቱን አደባልቆ «72 ከመቶ» ይላቸዋል። ለ72 ከመቶ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም።

የኮድማን ሥርዓትም እንከን አልባ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹን በአደባባይ በማሳፈር ለማሳመን መሞከሩ ጠላት አፈራበት፤ ሐሳቡም በዘመኑ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። እውነትን የሚመዘግብ ሥርዓት እውነትን የሚናገሩ ሰዎች ጥበቃ እንዲያገኙ ካላደረገ ዕድሜው አጭር መሆኑን የእርሱም ታሪክ ይመሰክራል።

የተሻለው ንድፍ ምን ይመስላል?

ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች ምዘና ይቅር ወደሚል ድምዳሜ አያደርሱም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ በእንግሊዝ አገር 61 ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የሠራተኛ ምዘና በሰፊውና በጥንቃቄ በሚካሄድባቸው ሆስፒታሎች የሕሙማን ሞት ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። በእርግጥ ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤነትን አያረጋግጥም፤ በሚገባ የሚመራ ሆስፒታል ሁለቱንም በአንድነት ሊያሟላ ይችላል። ቢሆንም በጥንቃቄ የተሠራ ምዘና ከመልካም ሕክምና ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያመለክታል።

ስለ ግብረ መልስ የተደረጉት ጥናቶችም አቅጣጫ ይጠቁማሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ክሉገርና ዴኒሲ 607 የጥናት ውጤቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ግብረ መልስ በአማካይ አፈጻጸምን ቢያሻሽልም ከሲሶ በሚበልጡት ላይ ግን አፈጻጸምን ዝቅ እንዳደረገ አረጋግጠዋል፤ ትኩረቱ ከሥራው ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር ጥቅሙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና 140 ጥናቶችን ያካተተው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ለጤና ባለሙያ የሚሰጥ ግብረ መልስ ይበልጥ ፍሬ የሚያፈራው ከቅርብ ኃላፊ ወይም ከሥራ ባልደረባ ሲመጣ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲሰጥ፣ በቃልም በጽሑፍም ሲሆን፣ ግልጽ ዒላማና የድርጊት ዕቅድ ሲኖረው መሆኑን ገልጿል። በእነዚህ ላይ በመመሥረት በጤና ተቋም የሚዘረጋ ሥርዓት የሚከተሉትን ቢያሟላ ይመረጣል።

አንደኛ፣ የማስተማሪያው ውይይትና የውሳኔው ምዘና በጊዜም በሰነድም ይለዩ። የማስተማሪያው ውይይት በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ፣ ባጭሩ፣ በሥራው ቦታ ይካሄድ፤ በውይይቱ ላይ የተገለጸ ድክመትም ለውሳኔው ምዘና ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ። በብዙ ቦታ ያለው ድጋፋዊ ክትትል ስሙን የሚመስል ሥራ ከሠራ ለዚህ የሚሆን መሠረት አለው፤ የማረጋገጫ ዝርዝር ሞልቶ የሚመለስ ቡድን ግን ተቆጣጣሪ እንጂ ደጋፊ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፣ መለኪያዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ሥራውን በሚያውቁ ባለሙያዎችም ይመረጡ። ለእያንዳንዱ መለኪያ «ይህን ቁጥር ሥራውን ሳይሠሩ ማሳደግ ይቻላልን?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ይቅረብ። መልሱ አዎን ከሆነ ለክትትል እንጂ ለነጥብ አይዋል።

ሦስተኛ፣ ለነጥብ የሚውል መረጃ በተመዛኙ ብቻ አይመስከር። ከመዝገብ ላይ ጥቂት ስሞችን በዕጣ መርጦ ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ነው። የማጣራቱም ዓላማ አጥፊ ለመያዝ ሳይሆን ቁጥሩ የሚታመን እንዲሆን ነው። ዝቅተኛ ግን እውነተኛ ቁጥር ያቀረበ ሠራተኛ ለትክክለኛነቱ በግልጽ ምስጋና ይድረሰው።

አራተኛ፣ ለውጤት ተጠያቂው ቡድኑ፣ ለሥነ ምግባርና ለሙያ ክህሎት ተጠያቂው ግለሰቡ ይሁን። የማዋለጃ ክፍል ውጤት ለክፍሉ በሙሉ ይመዝገብ፤ የአዋላጅዋ የእጅ ሙያ ግን ሥራውን በሚያውቅ ሰው ዓይን ይታይ። የአስተዳደር ባለሙያ የቀዶ ጥገና ክህሎትን፣ ሐኪምም የሒሳብ ሠራተኛን ሥራ እንዲመዝን ማድረግ ሁለቱንም መበደል ነው።

አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ጉድለት መንስኤው ይጻፍ። ከዕውቀት፣ ከትጋት ወይስ ከአቅርቦት? ከአቅርቦት የመጣው ጉድለት በኃላፊው ምዘና ውስጥ ይመዝገብ እንጂ በሠራተኛው ላይ አይጫን። ይህ ሲሆን ምዘና ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ መሆኑ ይቀራል፤ የሠራተኛውም ድምፅ ወደ ላይ የሚደርስበት መንገድ ያገኛል።

በዚህ አስተያየት ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ የጊዜና የሰው ኃይል እጥረት ነው። በአንድ ነርስ ላይ ብዙ ሕሙማን በሚደራረቡበት ክፍል ወርኃዊ ውይይት ማድረግ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም አሁን ያለው አሠራርም ነጻ አይደለም፤ ማንም ተመልሶ የማያነበውን ቅጽ ለመሙላት የሚጠፋው ጊዜ ተደምሮ ቢታይ ለውይይቱ ከሚያስፈልገው ያነሰ መሆኑ ያጠራጥራል።

ማጠቃለያ

የአፈጻጸም ምዘና ሥርዓት የሚመዘነው ስንት ቅጽ አስሞላ ተብሎ ሳይሆን ሕመምተኛው የሚያገኘውን አገልግሎት አሻሻለ ወይ ተብሎ ነው። አንድ ቅጽ ማስተማርንና መፍረድን ሲያጣምር ሠራተኛው ድክመቱን ይደብቃል፤ የሚቆጠረው ብቻ ዋጋ ሲያገኝ የማይቆጠረው ይጠፋል፤ ተመዛኙ የራሱ ምስክር ሲሆን ቁጥሩ ከእውነት ይርቃል፤ የቡድን ሥራ ለግለሰብ ሲከፋፈል ትብብሩ ይላላል። እነዚህ ጉድለቶች ከሰዎች ክፋት ሳይሆን ከንድፍ የመነጩ በመሆናቸው በንድፍ ሊታረሙ ይችላሉ። ለመጀመርም አዲስ መመሪያ እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የክፍል ኃላፊ በዚህ ወር ከእያንዳንዱ ባልደረባው ጋር ለሩብ ሰዓት ተቀምጦ፣ ነጥብ ሳይጽፍ፣ «ሥራህን የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅና ከሚሰማው መካከል አንዱን እንኳ ቢያቃልል፣ በማኅደር ውስጥ ታስረው ከተቀመጡት ቅጾች ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።